«ልዩ ልዩ» የተባለው ካሴትና የሺቡያ መደርደሪያ

በልጅነቴ ሰፈራችን የነበረው ሙዚቃ ቤት ካሴቶቹን በአራት ከፍሎ ይደረድር ነበር፤ ዘመናዊ፣ ባህላዊ፣ መዝሙር እና የፈረንጅ። በአራተኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እዚያው ቤት የተቀዱ ስለነበሩ የሽፋን ሥዕልም ሆነ የድምጻዊ ስም አልነበራቸውም። እኔም ባዶ ካሴት ይዤ የምወዳቸውን ዘፈኖች ላስቀዳ ስሄድ ባለቤቱ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ እየመረጠ ያከታትልልኝና ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ልዩ ልዩ» ብሎ ይጽፍበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ዓይነት ሙዚቃ የወጡ ብዙ ስሞችን አንብቤያለሁ፤ የአንዳንዶቹንም አመጣጥ ተከታትዬ ደርሼበታለሁ። እንደዚያ ሰው ጽሕፈት በቅንነት የተሰጡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የምጽፈው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ፣ ማለትም በእኛ ከ1982 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት ስለወጣው ወጣ ያለ ፖፕ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። ወጣ ያለ የምለው ዜማው አንድ ጊዜ ተሰምቶ የማይረሳ፣ ቅንብሩ ግን ከየትኛው አገርና ከየትኛው ዘመን እንደተለቀመ ቶሎ የማይገመት ሙዚቃን ነው። በዚያ ዘመን ሳምፕል ማድረጊያ ማሽኑ፣ ማለትም ከቆየ ሸክላ ላይ ድምፅ ቆርጦ ለአዲስ ዘፈን የሚያውለው መሣሪያ፣ ረከሰ፤ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሸክላዎች በሲዲ እንደገና ታተሙ፤ በመኝታ ቤት ውስጥ ዘፈን ቀድቶ ማውጣት ተቻለ። የሙዚቀኛው ጆሮ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ መዝለል ሲጀምር የሻጩ ስያሜ ሊከተለው አልቻለም። ስለ ስያሜ የማነሣው ክርክርም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ካሴቴ በዶክተር አልባን ይጀምር ነበር። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ልደት ተከብሮ እርሱ ሳይዘፈን ቀርቶ አያውቅም። ናይጄሪያ ተወልዶ ለትምህርት ስዊድን የሄደው ይህ ሰው «ዶክተር» የተባለው የጥርስ ሕክምና ስላጠና ነው። የትምህርቱን ወጪ ለመሸፈን ስቶክሆልም ውስጥ ዲጄ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ዴኒዝ ፖፕ ከተባለው ፕሮዲውሰር ጋርም ሠርቶ «ሄሎ አፍሪካ» በ1990፣ «ኢትስ ማይ ላይፍ» ደግሞ በ1992 ወጡለት። ምቱ የዳንስ ቤት ማሽን ምት ነው፤ በምቱ ላይ እየተናገረ የሚዘፍንበት መንገድ የጃማይካ ነው፤ የቃላት አወጣጡ የናይጄሪያ ነው፤ ስቱዲዮው የስዊድን ነው። የአውሮፓ ሱቆች ይህን ሁሉ ጠቅልለው «ዩሮዳንስ» አሉት። ስሙ ሙዚቃው የተሸጠበትን አህጉር ይናገራል፤ ገና በመጀመሪያ ዘፈኑ አፍሪካን በስሟ ጠርቶ ሰላም ያላት ሰው ግን በዚህ ስም ውስጥ አይታይም።

ቀጥሎ ኤስ ኦፍ ቤዝ ይመጣል። ሦስት ወንድምና እህቶች ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው በጎተንበርግ የመሠረቱት ይህ ቡድን የሙከራ ካሴቱን ለዚሁ ለዴኒዝ ፖፕ ልኮለት ነበር። ካሴቱ መኪናው ውስጥ ካለው ቴፕ ጋር ተጣብቆ አልወጣ ስላለው ሰውየው በሄደበት ሁሉ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ለመስማት ተገደደ፤ ሲሰማው ሰንብቶም ምን ቢያደርገው እንደሚያምር ተገለጠለት። በ1992 የወጣው «ኦል ዛት ሺ ዎንትስ» በዚህ መንገድ ነው የተወለደው። የተጠማዘዘ ክር በእርሳስ እያጠነጠነ ካሴት ያዳነ የእኔ ዘመን ሰው ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ዘፈኑ ራሱ የሬጌ ቤዝ ያለው፣ ዜማው ግን የሚያሳዝን፣ ሰዎች እየጨፈሩ የሚተክዙበት ነገር ነው። ያ የሐዘን ቅላጼ ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ እናቴም ብትሆን ከፈረንጅ ዘፈኖቼ መካከል «ይህቺስ ደህና ናት» ያለችው እርሱን ብቻ ነው።

አብሮ አደጌ የሆነ ኪቦርድ ተጫዋች በዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል፤ በሐበሻ ምግብ ቤቶችና በሠርጎች ላይ ይሠራል። እሑድ እሑድ ስንደዋወል የሙዚቃ ስያሜ ጉዳይ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። እኔ ስሞቹን ስነቅፍ እርሱ አጥብቆ ይከራከረኛል። «ሠርግ ላይ ‹ጉራጌኛ ተጫወት› ሲሉኝ ምቱ ወዲያው እጄ ላይ ይመጣል፤ ‹ልዩ ልዩ ተጫወት› ቢሉኝ ግን እጄን የት ላሳርፈው? አንተ ስም የምትንቀው አድማጭ ብቻ ስለሆንክ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ይህ አባባሉ ለብዙ ሳምንታት ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ትክክል ነው። ጉራጌኛ፣ ቺክቺካ፣ ሬጌ፣ ቦሳ ኖቫ የሚሉት ስሞች ለተጫዋቹ እጅ የሚናገሩ ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚሉት የቅኝት ስሞቻችንም የትኞቹ ድምፆች እንደሚመቱና የትኞቹ እንደሚታለፉ ይነግራሉ። የእኔ ቅሬታ ታዲያ ከስም ጋር አይደለም። ለእጅ ምንም የማይናገሩ፣ ለሻጭ ዓይን ብቻ የተበጁ ስሞች አሉ፤ ከእነዚያም የከፋው የሙዚቀኛውን መልክ ዓይቶ የሚሰጠው ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድን ስያሜ ስሰማ የምጠይቀው ለማን እንደተነገረ ነው።

ይህን ጥያቄ ይዤ የተመለስኩት ወደ ዘ ካርዲጋንስ ነው። የስዊድኖቹን ባንድ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ1996 በወጣውና በዚያው ዓመት በሮሚዮና ጁልየት ፊልም ውስጥ በተሰማው «ላቭፉል» በተባለው ዘፈን ነው። ድምጻዊቷ ኒና ፐርሶን በለሆሳስ፣ ነፍሷን እንደ ጨረሰ ሰው፣ ባትወደኝም እንኳ የምትወደኝ አስመስለህ ዋሸኝ ብላ ትለምናለች፤ ከኋላዋ ያለው ጊታርና ከበሮ ግን በደስታ የሚዘል ነው። ግጥሙ ለቅሶ፣ ምቱ ጭፈራ መሆኑ ነው ዘፈኑን ሁለት ጊዜ የሚያሰማው። ሱቆችና መጽሔቶች ባንዱን «ለስላሳ ፖፕ» ብለው አስቀመጡት። ይሁንና ዜማውን የሚደርሰው ፒተር ስቬንሶንና ቤዝ ተጫዋቹ ማግነስ ስቬኒንግሶን የመጡት ሄቪ ሜታል ከተባለው ጫጫታ ከበዛበት ሮክ ነው። በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ብላክ ሳባት የተባለውን የሜታል ባንድ አንድ ዘፈን፣ «ላቭፉል» ባለበት አልበም ላይ ደግሞ «አይረን ማን» የተባለውን ሌላውን የብላክ ሳባት ዘፈን እንደ ልጅ እሹሩሩ አለስልሰው ተጫውተውታል። አስፈሪ ለመሆን የተደረሰ ዜማ በቀስታ ሲዘፈን ምን ያህል ሐዘን በውስጡ እንደነበረው ይሰማል። «ለስላሳ ፖፕ» የሚለው ስም ይህንን መንገድ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ የብላክ ሳባት ወዳጅ ወደዚያ መደርደሪያ አይሄድም፣ የ«ላቭፉል» ወዳጅም ከዚያ አይወጣም።

«አልተርናቲቭ» ስለሚለው ስያሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አማራጭ ማለት ከሌላ ነገር ጋር ሲነጻጸር ብቻ ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ ኒርቫና የተባለው የሮክ ባንድ በጥር 1992 የአሜሪካን የአልበም ሠንጠረዥ ከመራ በኋላ ቃሉ የምን አማራጭ እንደሆነ የሚናገር ሰው ጠፋ። መደርደሪያው ግን ስሙን እንደያዘ ቀጠለ።

በጣም የምወዳቸው ሁለት ዘፈኖች ስያሜ የሚሳሳተው እንዴት እንደሆነ ከማንም በላይ አስተምረውኛል። የመጀመሪያው በጥር 1997 በእንግሊዝ ሠንጠረዥ አንደኛ የሆነው «ዩር ዉማን» ነው። ኋይት ታውን የሚለው ስም ባንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕንድ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ጆቲ ሚሽራ የተባለ አንድ ሰው ነው፤ ዘፈኑንም ደርቢ በተባለችው ከተማ በመኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው የቀዳው። ዘፈኑ የሚጀምርባትን ያቺን አፏ የታፈነ ትራምፔት የወሰዳት አል ቦውሊ ከዘፈነበት የ1932 ሸክላ ነው። ሸክላው ላይ ያለው ዘፈን ስሙ «ማይ ዉማን»፣ የእርሱ ደግሞ «ዩር ዉማን» ነው። ስልሳ አምስት ዓመት የዘገየ መልስ ይመስላል። ወንዱ ድምጻዊ «የአንተ ሴት ልሆን አልችልም» እያለ ሲዘፍን ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የሚናገረውም ለማን እንደሆነ አድማጩ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ዘፈኑም መልስ አይሰጥም። ትራምፔቷ ከመጣችበት የዳንስ አዳራሽ ዘመን፣ ከሥሩ ከሚመታው የማሽን ከበሮ እና ስልክ ውስጥ እንዳለ ከሚሰማው ድምፅ ጋር በአንድ ስም የሚስማማ መደርደሪያ አላገኘሁም።

ሁለተኛው የኮርነርሾፕ «ብሪምፉል ኦቭ አሻ» ነው። ቲጂንደር ሲንግ የሚመራው ይህ የእንግሊዝ ባንድ ስሙን የወሰደው የደቡብ እስያ ስደተኞች ሁሉ የጥግ ሱቅ ባለቤት ናቸው ከሚለው ንቀት ነው፤ ንቀቱን ነጥቆ ስሙ አደረገው። ዘፈኑ በሕንድ ፊልሞች ውስጥ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆና ለተዋንያን ትዘፍን የነበረችውን አሻ ቦስሌን የሚያመሰግን ነው። በ1997 ሲወጣ ብዙም አልተሰማም፤ ኖርማን ኩክ፣ በመድረክ ስሙ ፋትቦይ ስሊም፣ አፍጥኖ እንደገና ሲያቀናብረው ግን በየካቲት 1998 በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን፣ ዘገም የሚለውን ነው፤ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሸክላ እያዳመጠ የሚያስታውሰውን ሲቆጥር ይመስላልና። ወደ መጨረሻው ላይ ሲንግ የሚጠራቸውን ስሞች ልብ ብላችሁ ስሙ፤ የሕንድ ፊልም ዘፋኞቹ ላታ ማንጌሽካርና ሞሐመድ ራፊ፣ የፈረንሳዩ ዣክ ዱትሮን፣ የእንግሊዙ ማርክ ቦላን፣ የሕንድ ሬዲዮ፣ የጃማይካ ሙዚቃን በለንደን ያሳተመው ትሮጃን። የአንድ ስደተኛ ቤት የሸክላ ሣጥን ማለት ይህ ነው። ያደገበት ሣጥን መከፋፈያ አልነበረውም፤ ዘፈኑም የለውም። የዚያው አልበም የመጨረሻ ዘፈን የቢትልስ «ኖርዌጂያን ዉድ» በፑንጃቢ ነው፤ አንድ ጊዜ የሕንድ ሲታር የወሰደውን የእንግሊዝ ዘፈን በሕንድ ቋንቋ መልሶ መውሰድ ነው።

ይህን ዘፈን የሠራው ባንድ ሮክ ወይም ፖፕ መደርደሪያ ላይ ቦታ ያገኘው ግጥሙ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ሙሉው ፑንጃቢ ቢሆን ኖሮ «የዓለም ሙዚቃ» ይባል ነበር። የዚህ ስያሜ አመጣጥ በትክክል ይታወቃል፤ በሰኔ 1987 ለንደን ውስጥ ኢዝሊንግተን በተባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የትናንሽ ሙዚቃ አሳታሚዎች ሰዎች ተሰብስበው፣ ሌሎች አማራጮችንም አይተው የመረጡት ስም ነው። ዓላማቸው መልካም ነበር፤ ሻጮች የት እንደሚያኖሩት ስለማያውቁ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጣው ሙዚቃ ሱቅ ውስጥ ቦታ እያጣ ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ውጤቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አሜሪካ በመጣሁበት ሰሞን ያገለገሉ ሲዲዎች በሚሸጡበት አንድ ሱቅ ውስጥ የአስቴር አወቀን «ካቡ» ያገኘሁት «የዓለም ሙዚቃ» ከሚለው ሰሌዳ ሥር፣ ከሩሲያዋ ቱቫ የጉሮሮ ዘፈንና ከደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች ዋሽንት መካከል ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሱቁ ደንበኛ ቋንቋቸው እንግዳ መሆኑ።

አስቴር በዚያን ጊዜ ለዓመታት አሜሪካ የኖረች፣ በ1989 «አስቴር» የተባለው አልበሟ ለንደን ውስጥ የታተመላት፣ ከዚያም የኮሎምቢያን ያህል ትልቅ ኩባንያ በ1991 «ካቡ»ን ያወጣላት ድምጻዊት ናት። ከአሜሪካዊቷ የሶል ድምጻዊት ከአሪታ ፍራንክሊን ሲዲ አጠገብ ብትቀመጥ ሰው ሁለቱን ገዝቶ በሄደ፣ ድምፅን በጉሮሮ ውስጥ አዟዙሮ ቃልን የማስለቀስ ጥበባቸውንም ጎን ለጎን በሰማ ነበር። የአሜሪካው የሙዚቃ አካዳሚ የግራሚ ሽልማቱን ስም «የዓለም ሙዚቃ» ከሚለው ወደ «ግሎባል ሙዚቃ» የለወጠው በ2020 ነው፤ የቀድሞው ስም የቅኝ ግዛት ሽታ አለው በሚል ምክንያት። ሰሌዳው ተለወጠ እንጂ መደርደሪያው ያው ነው። ለአብሮ አደጌ ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እንዲያ ከሆነ እኔም ምግብ ቤት ውስጥ የምጫወተው ለግማሹ ሰው ዘፈን፣ ለግማሹ ‹የዓለም ሙዚቃ› ነዋ» አለኝ። አዎ፣ እንደዚያ ነው።

ከስያሜዎች ሁሉ የወደድኩት አንድ ስም አለ፤ «ሺቡያ-ኬይ» ይባላል። ሺቡያ በቶኪዮ የወጣቶች መገበያያ የሆነ ሰፈር ነው፤ «ኬይ» ደግሞ ወገን ወይም መስመር እንደ ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሰፈር ከፍተው የነበሩት ትልልቅ የሲዲ ሱቆች፣ በተለይ በ1990 የተከፈተው ኤችኤምቪ፣ የአገሩን ሙዚቀኞች ከውጭ ከመጡ ሲዲዎች ጋር እያቀላቀሉ ያሳዩ ነበር። የሱቁ ሠራተኞች እንዲህ የመረጧቸው ጃፓናውያን ሙዚቀኞች ሌላ ቦታ ከሚሸጡት ይልቅ እዚያ በብዛት ይሸጡ ጀመር፤ ስለዚህ ሰው «የሺቡያ ወገን» አላቸው። ስሙ ስለ ምት፣ ስለ ቅኝት ወይም ስለ ዘር የሚናገረው ነገር የለም፤ ሰዎቹ የተገናኙበትን ቦታ ብቻ ይናገራል፤ ከዚያ በላይ አውቃለሁ ብሎም አይመጻደቅም። የሙዚቃውንም ምስጢር ሳያስበው ይገልጠዋል፤ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ ሸክላ ሰብሳቢዎች ነበሩና። በአሜሪካዊው ዜማ ደራሲ በበርት ባካራክ፣ በፈረንሳይ የስልሳዎቹ ዘፈኖች፣ በብራዚል ቦሳ ኖቫ፣ በእንግሊዝ የጊታር ባንዶች ጆሯቸው የተገራ ልጆች የሰሙትን ሁሉ አንድ ዘፈን ውስጥ ያስገቡ ነበር።

ከእነርሱ መካከል ፒዚካቶ ፋይቭን ነው አስቀድሜ የማስተዋውቀው። ያሱሃሩ ኮኒሺ ያቀናብራል፣ ማኪ ኖሚያ ትዘፍናለች። በ1994 «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» በሚል ስም ለአሜሪካ በወጣው ስብስባቸው ላይ ያለው «ትዊጊ ትዊጊ» ከድመቷ ጋር ተቀምጣ የሰውየውን ስልክ ሦስት ሰዓት ስትጠብቅ የቆየች ሴት ዘፈን ነው። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። በዚህች ትንሽ ጉዳይ ዙሪያ ግን አንድ ሙሉ የስልሳዎቹ የቴሌቪዥን ኦርኬስትራ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል፤ ስልክ ጠባቂ ሰው ውስጡ እንዴት እንደሚናወጥ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ግነት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ኮርኔሊየስ የሚባለው ኬይጎ ኦያማዳ ደግሞ ከኬንጂ ኦዛዋ ጋር ፍሊፐርስ ጊታር የተባለ ቡድን ነበረው፤ በ1991 ተለያዩ። በ1997 ያወጣው «ፋንታስማ» የተባለው አልበም በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማ የተሠራ ስለነበር የመጀመሪያው እትም ከነማዳመጫው ይሸጥ ነበር። አልበሙ የሚከፈተው ማይክሮፎን በመሞከር ነው፤ «ይሰማል?» የሚል ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የሆነ ነገር ይንኳኳል፣ ሰው ያፏጫል፤ ከዚያ ሳታውቁት ዘፈን ውስጥ ገብታችኋል። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ከጊታር ጫጫታ ወደ ልጆች መዝሙር፣ ከዚያም ወደ ከበሮ ዝናብ ይወስዳችኋል፤ አንድም ቦታ ግን ስፌቱ አይታይም። እኔ ይህን አልበም የማዳምጠው መብራት አጥፍቼ ነው፤ እናንተም እንደዚሁ እንድታደርጉ እለምናለሁ።

ሺቡያ ከስዊድኗ ከተማ ከማልሞም ጋር ይገናኛል። ካርዲጋንሶች ጃፓን ውስጥ እጅግ ተወዳጅ ስለነበሩ የጃፓን ድምጻውያን ቶሬ ዮሃንሶን የተባለውን ፕሮዲውሰራቸውን ፍለጋ ማልሞ ወደሚገኘው ታምቡሪን ስቱዲዮ ይሄዱ ነበር፤ ቦኒ ፒንክ በ1997 ያወጣችው «ሄቨንስ ኪችን» ከዚያ የተገኘ ነው። ከሜታል የመጡ ስዊድናውያን፣ ቦሳ ኖቫ የሚወዱ ጃፓናውያን፣ በአንድ የድሮ መሣሪያ በሞላበት ክፍል ውስጥ። «ጄ-ፖፕ»፣ ማለትም የጃፓን ፖፕ፣ የሚለው ስም ይህን ጉዞ ያጠፋዋል፤ «ሺቡያ-ኬይ» ግን ቢያንስ አንዱን የመንገዱን ጫፍ ያሳያል።

ከቶኪዮ ወጥተው ኒውዮርክ ስለተገናኙት ዩካ ሆንዳና ሚሆ ሃቶሪም ልናገር። የቡድናቸው ስም ቺቦ ማቶ በጣልያንኛ «እብድ ምግብ» ማለት ሲሆን በ1996 የወጣው «ቪቫ ላ ዉማን» የተባለው አልበማቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘፈኑ ስለ ምግብ ነው፤ ዶሮ፣ አርቲቾክ፣ የልደት ኬክ፣ የደረቀ ሥጋ፣ የነጭ ቁንዶ በርበሬ አይስክሬም። የሂፕሆፕ ከበሮ ይመታል፤ ሃቶሪ አንዴ ታንሾካሹካለች፣ አንዴ ትጮኻለች። በሰው አገር ቋንቋ መዝፈን የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው የምግቡን ስም ነው፤ ስደት የቀመሰ አድማጭ በዚያ ሁሉ የምግብ ዝርዝር ውስጥ ናፍቆት ይሰማዋል፤ እኔ ተሰምቶኛል። ሱቁ «ትሪፕ-ሆፕ» ይል ነበር። ያ ስም በ1994 ሚክስማግ የተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን ወዲያው የብሪስቶል ከተማ ሙዚቀኞች ሁሉ መጠሪያ ተደረገ፤ ሙዚቀኞቹ ግን አልወደዱትም። ዝግ ያለ ከበሮና የሴት ድምፅ ያለውን ሁሉ ስለሚጠራ ስለ ቺቦ ማቶ የሚነግረን ነገር የለም።

የመጨረሻው ቅሬታዬ «ቀልድ ዘፈን» በሚለው ስያሜ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ በእውነት እቆጣለሁ። ዘይ ማይት ቢ ጃያንትስ የተባሉት ሁለት የብሩክሊን ሰዎች በ1990 «ፍለድ» የተባለ አልበም አወጡ። ከዚያ ቀደም አንዱ ቤቱ ተዘርፎ፣ ሌላው የእጁ አንጓ ተሰብሮ መድረክ ላይ መውጣት ባቃታቸው ጊዜ ዘፈኖቻቸውን በስልክ መልእክት መቀበያ ማሽን ላይ ቀድተው ሰው እየደወለ እንዲሰማ አደረጉ። ማሽኑ አንድ በመሆኑ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከ«ፍለድ» ዘፈኖች መካከል «በርድሃውስ ኢን ዩር ሶል» የሚባለው የሚዘፈነው በልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ ባለች፣ የካናሪ ወፍ ቅርጽ ባላት ትንሽ ሰማያዊ የሌሊት መብራት አንደበት ነው። መብራቷ ለልጁ ጠባቂው እንደሆነች ትነግረዋለች፤ ከእርሷ የሚበልጥ ትልቅ የመርከብ መብራት ቤት በዘመድነት ትጠቅሳለች፣ መርከብ ከአደጋ የማዳን ችሎታ እንደሌላት ግን ታምናለች። ግዑዝ ነገር ሲናገር በሰማ ጊዜ የሚስቅ ሰው ይኖራል። በእኛ ቤት ግን ተረት በእንስሳትና በዕቃ አንደበት ሲነገር አድጎ ማን ይስቃል? ትንሿ መብራት አቅሟን አውቃ ልጅን የምትጠብቅበት ዘፈን ለእኔ ካወቅኳቸው የፍቅር ዘፈኖች አንዱ ነው፤ አኮርዲዮን ስላለበትና ፈጣን ስለሆነ ብቻ ቀልድ ተብሏል።

ስቴሪዮላብም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። የለንደኖቹ ባንድ በ1994 ያወጡት «ፒንግ ፖንግ» የሚለው ዘፈን ላላላ እያለ የሚሄድ፣ ኦርጋኑ የሚያፍለቀልቅ ነው፤ ፈረንሳዊቷ ሌቲሺያ ሳዲየር የምትዘፍነው ግን ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጦርነት እንዴት እንደሚከተል፣ ከዚያም እንዴት እንደሚያንሰራራ ነው። ዜማው ደስ ስላለ ብዙ አድማጮች ሐሳብ የሌለው መሰላቸው።

ለአብሮ አደጌ ይህን ሁሉ ካነበብኩለት በኋላ የመለሰልኝን ልጽፍ ይገባኛል፤ እርሱም እውነት አለውና። «ሺቡያ-ኬይ የሚል ስም ባይኖር ከፒዚካቶ ወደ ኮርኔሊየስ እንዴት ትደርስ ነበር?» አለኝ። አልደርስም ነበር። ስሙን ይዤ ነው ሲዲ በሲዲ የተከተልኩት። ስለዚህ ስሞቹ ይቅሩ አልልም፤ አንድ ሙዚቃ ግን ሦስትና አራት ስም ይኑረው፣ በሦስትና በአራት መደርደሪያም ይቀመጥ እላለሁ። ዛሬ ሙዚቃው ፋይል ስለሆነ አንዱን ዘፈን ብዙ ቦታ ማስቀመጥ ምንም አይፈጅም፤ የሲዲ ሱቅ ግን ከእያንዳንዱ ጥቂት ቅጂ ብቻ ስለነበረው ምርጫው ከባድ ነበር። በዚያ ዘመን ሰሌዳ ለጻፉ ሠራተኞች በዚህ ረገድ እራራለሁ።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ካላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ስሙ። በ«ብሪምፉል ኦቭ አሻ» ጀምሩ፣ ዘገም በሚለው። ከዚያ «ዩር ዉማን»ን አስከትሉ፤ ከሸክላ ወደ ሸክላ ስለሆነ ሽግግሩ ያምራል። «ላቭፉል» እና «አይረን ማን»ን ሳትነጣጥሉ ስሙ። «ትዊጊ ትዊጊ»ን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ «በርድሃውስ»ን ደግሞ ልጆች ካሏችሁ ከእነርሱ ጋር። ከዚያ በኋላ ሳትቆሙ፣ ማስታወቂያም ሳታስገቡ፣ የአስቴርን «ካቡ» ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራችሁ ክፈቱ። እኔ ትናንት ማታ እንደዚያ ሰማሁ፤ ድምጿ ሲገባ ቀድሞ ከነበረው ዘፈን ጋር የሚያጣላው ነገር አልነበረም።